የአማቴ መረቅና የእግሬ አውራ ጣት

እኔ ልብስ ሰፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህን የምጽፈው አንድ ቀን የእግራችሁ ጣት ያለ ምንም ምክንያት የበሰለ ቲማቲም መስሎ ካደረ፣ እኔ የተመላለስኩበትን መንገድ ሁሉ እንዳትመላለሱ ብዬ ነው። ሥጋ የምትወዱ ደግሞ ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ለእናንተ ይብሳል።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ልኳንዳ ቤት ነበረው፤ በቤታችን አትክልት ማለት ሽንኩርት ነበር፣ እሱም ጥብሱ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ባለቤቴ አብዲ የሀርጌሳ ሰው ይሁን እንጂ ያደገው እኛ ሰፈር ነው፤ የተዋወቅነውም የተጣላነውም የታረቅነውም በአማርኛ ነው። ከተጋባን በኋላ ወደ አገሩ አመጣኝ። አሁን ማሕሙድ ሃይቤ የሚባል የሀርጌሳ ሰፈር ነው የምንኖረው። እሱ ሚኒባስ ይነዳል፣ እኔ በፊት ለፊቷ ክፍል ዲራዕ እሰፋለሁ፤ የሶማሌ ሴቶች ለሠርግ የሚለብሱት ያ ስስ ቀሚስ። እናቱ ኸድራ አብራን ነው የምትኖረው። ሁላችንም ሆዮ ነው የምንላት፣ እናት ማለት ነው። አንቱ አለማለቴን እንዳትታዘቡኝ፤ ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይገኝም፣ ሶማሊኛም የለውም።

ሀርጌሳ ለእንደኔ ዓይነቷ የሥጋ ወዳጅ የተሠራች ከተማ ናት። ጠዋት ጉበት በሽንኩርት፣ ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ። ምግብ ቤት ገብታችሁ ገና ምን እንደምታዙ ሳታስቡ የሥጋ መረቅ በጎድጓዳ ሳህን ፊታችሁ ይቀመጣል። አምስት ጣት ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

የሠርጉ ወቅት ሊገባ ሲል፣ የሙሽሮች ጨርቅ ከወለል እስከ መስኮት ተከምሮ ሳለ፣ አንድ ማለዳ ከእንቅልፌ ስነቃ አንሶላው የቀኝ እግሬን አውራ ጣት ነካው። አንሶላው ብቻ! ጩኸቴን የሰማ አብዲ ጊንጥ ነደፋት ብሎ ጫማውን ይዞ አልጋው ሥር ገባ።

«የለም» አለ ከሥር ሆኖ።

«ውጣ! አልጋውን አታነቃንቀው!»

«ጣትሽ እኮ ያበራል፣ ሱብሃነላህ።»

እውነት ነው፣ ቀልቶ አብጦ ያበራል። እዚህ ላይ ሥራዬን አስቡት። የስፌት መኪናዬ የሚሠራው በእግር ነው። ያ ጣት ካልረገጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ሙሽሮቹ ምን ይለብሳሉ? እኔስ ምን ሆኜ እኖራለሁ? ያን ዕለት በግራ እግሬ ሞከርኩ። የሰፋሁት መስመር ባጃጅ መንገዱን ስቶ ቦይ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። ፈትቼ አለቀስኩ።

ፋርማሲ ሄድን። ልጁ ከባንኮኒው ሳይነሳ «ወለምታ ነው» አለና የሚቀባ ሰጠን። መቀባት ማለት መንካት መሆኑን ያሰበበት አይመስለኝም። ቀጥሎ አብዲ ተሳፋሪዎቹ የነገሩትን የአጥንት ጠጋኝ ቤት ወሰደኝ። ሽማግሌው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ከቦታው ወጥቷል፤ ቢስሚላህ» ብለው ሳቡት። ስለዚያ ቅጽበት የማስታውሰው የአብዲን እጅ መንከሴን ብቻ ነው። አብዲ እስከ ዛሬ ጠባሳውን ለእንግዳ ያሳያል።

ከዚያ አንድ ትንሽ ክሊኒክ «ኢንፌክሽን» አለና መርፌ አዘዘልኝ። መርፌው አልቆ እግሬ ሲሻለው እውነት መሰለን። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ሲነድድ ግን ጎረቤታችን መጥታ እጄን ያዘችና «እንዲህ የሚያደርገው ስኳር ነው፤ አክስቴን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቆረጧት» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው እንግዲህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቅ ስቆርጥ እንኳ መቀሱን ማየት አስጠላኝ።

የእኔን ሕመም ከሁሉ በላይ የራሷ ጉዳይ አድርጋ የያዘችው ሆዮ ነበረች። እዚህ አገር ሰው ሲታመም መረቅ ይጠጣል። ወገቡን ለታመመ፣ ለወለደች፣ ለጉንፋን፣ ልቡ ለተሰበረ ሁሉ መረቅ ነው። ሆዮ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ማለዳ ተነስታ ሥጋ ተራ ትሄድና የፍየል አጥንት፣ ኩላሊት፣ ቅልጥም ገዝታ ትመጣለች። ቀቅላ ቀቅላ፣ ላዩ ላይ ስቡ እንደ ወርቅ ሳንቲም ሲንሳፈፍ አጠገቤ ትቀመጣለች።

«ጠጪ።»

«ሆዮ፣ ጠግቤያለሁ።»

«እግርሽ አልጠገበም። ጠጪ።»

እጠጣለሁ። ደግሞም ይጣፍጣል! ጠያቂዎችም ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ አንዷ በቅቤ ተጠብሶ የደረቀ ሥጋ፣ ሌላዋ የግመል ሻኛ። በታመምኩ ቁጥር ይመግቡኛል፣ በመገቡኝ ቁጥር እታመማለሁ። ሆዮም እግሬ ሲያብጥ ባየች ቁጥር ድስቱን ከፍ ባለ ድስት ትቀይራለች። ከመካከላችን አንድም ሰው ይህንን ከዚያ ጋር ያገናኘ የለም።

በመጨረሻ አብዲ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደኝ። መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሰው ሐኪም ነው። አንዱ ሽማግሌ ከወዲያ ሆነው እግሬን አዩና «ይህ ብርድ ነው» አሉ። ልጅ ያዘለች ሴት «አይደለም፣ ዓይን ነው፤ የምትሰፋው ቆንጆ ልብስ ነው አሉ» አለች። ማን እንደነገራት አላውቅም፣ አብዲ መሆን አለበት። ግን ያቺው ሴት ሰው ሲያልፍ እግሬን እንዳይረግጠኝ ቦርሳዋን ከእግሬ ፊት አጥር አድርጋልኝ ተራዬ እስኪደርስ አልነሳችም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም፤ አላህ ይስጣት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትምህርቱን ኢትዮጵያ ተምሮ አማርኛ ይችላል። ደም አስመረመረኝና ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለ። እኔ ስለ መቁረጥ እያሰብኩ እሱ ፈገግ ይላል!

«ስኳር የለብሽም። እግርሽም አይቆረጥም። ይህ ሪህ ነው፣ ጋውት የሚሉት። ደምሽ ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በዝቷል። ሲበዛ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ተፈጨ ብርጭቆ ይቀመጣል።»

«ከየት መጣብኝ?»

«ለአንዳንዱ በዘር ነው፣ ለአንዳንዱ በኩላሊት፣ ለብዙው በምግብ። ምን ትበያለሽ?»

ነገርኩት። እየጻፈ ነበር፤ መሐል ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አትክልትስ?»

«ሰላጣ አለ።»

«ትበዪዋለሽ?»

«ሥጋው ይተኛበታል።»

አብዲ ሳቀ፤ ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ለሕመሙ ማስታገሻ፣ ለአሲዱ ደግሞ ቆይቶ የሚጀመር ኪኒን አዘዘልኝና ለጊዜው ሥጋ የሚባል ነገር እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ክፍል ስወጣ እግሬ ባለመቆረጡ ደስ ብሎኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ በዚያው አፌ ለፍየሉ አለቅሳለሁ።

አሁን ስህተታችንን ስሙ። ቤት ገብተን ለሆዮ ሥጋ እንደተከለከልኩ ስንነግራት ደነገጠች፣ አሰበችበት፣ ከዚያ ፊቷ በራ።

«ሥጋ ነው ያለው?»

«አዎ ሆዮ።»

«መረቅ አላለም?»

እኔና አብዲ ተያየን። እውነትም መረቅ አላለም! ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዮ ሥጋውን ቀቅላ፣ ሥጋውን አውጥታ፣ መረቁን በእኔ የገበር ጨርቅ አጥልላ አንዲት የሥጋ ጭረት እንዳታልፍ በዓይኗ መርምራ ትሰጠኝ ጀመር። «ይኸው ንጹሕ» ትላለች። የሐኪም ትእዛዝ እንደዚህ በጥንቃቄ የተከበረበት ቤት የለም።

ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ ቁርጭምጭሚቴንም ይዞ መጣ። ሁለት ሙሽሮች ጨርቃቸውን ይቅርታ ጠይቀው ወሰዱ። ሐኪሙ ጋ ስንመለስና አብዲ የማጥለያውን ጨርቅ ነገር ሲያስረዳው፣ ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ያ አሲድ የሚመጣበት ነገር ሥጋው ሲቀቀል ወደ ውሃው ይወጣል አለን። የኩላሊትና የቅልጥም መረቅ ስጠጣ የሰነበትኩት ዋናውን ነው።

«ለእናትህ ንገራት» አልኩት አብዲን ሚኒባሱ ውስጥ።

«አንቺ ንገሪያት።»

«እናትህ እኮ ናት!»

«ለዚህ ነዋ የማልነግራት። መረቅሽ ነው ያሳመማት ብዬ? በዚያ ጉልበቷ እየተነሳች? ልቧ ነው የሚቆመው።»

ልክ ነው። እኔም ለሆዮ ያንን የምልበት አንደበት አልነበረኝም። እናቴ ከሞተች ወዲህ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ጠጪ» ያለችኝ ሴት እሷ ብቻ ናት። እግሬን ላድን ወይስ የእሷን ልብ? ሁለቱን ለማዳን አንድ መላ ብቻ ነበር፤ መረቁን አብዲ ይጠጣው። ሆዮ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ሶላቷ ስትሄድ አብዲ ይገባል፣ ቆሞ ይገለብጠዋል፣ አፉን ጠርጎ ወደ ሚኒባሱ ይሮጣል። ሆዮ ባዶውን ሳህን አይታ ትመርቀኛለች።

ግን እኔስ ምን ልብላ? ሉባባ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፣ የከሚሴ ልጅ። ሼክ ኑር የሚባለው ሰፈር ውስጥ ለአገራችን የቀን ሠራተኞች ምሳ የምታበስልባት ጠባብ ቤት አላት። ሥጋ ለሠራተኛ ይወደዳልና ምግቧ ባብዛኛው ምስር፣ ሽሮና ጎመን ነው። እኔ እሷ ጋ የምሄደው ለወሬ ነበር፤ በሞቴ ብላኝ እንኳ በልቼ አላውቅም። ሽሮ ለእኔ ሥጋ ያጣ ሰው የሚያዝንበት ነገር ነበር። ያን ቀን ግን እያነከስኩ በባጃጅ ሄድኩና ወንበሯ ላይ ወደቅኩ።

«ምን ሆነሽ ነው እቴ?»

«ፍየል ሆኛለሁ። ቅጠል ስጪኝ።»

ሳቀችብኝ። ከዚያ ትሪ አመጣች። ቀይ ምስር፣ ተንተክትኮ ያላቆመ ሽሮ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ጥግ ላይ አዚፋ። ሁሉም በዘይት ነው፤ ቅቤ የሚባል የለበትም። እንደ መድኃኒት ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ምስሩን ጎረስኩ። ዓይኔን ከፈትኩ። እንጀራውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ከሥሩ አየሁ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች ሉባባ።

«ሥጋውን የት ደበቅሽው?»

«ወላሂ የለበትም!»

«ታዲያ ይህ ጣዕም ከየት መጣ?»

«ሽንኩርቱን ሳልቸኩል አበስለዋለሁ። ሥጋ የለውማ፣ ማን ይሸፍንልኛል?»

አዚፋውን ስጎርስ ሰናፍጩ በአፍንጫዬ ወጥቶ አናቴን መታኝ። እንባዬ እየወረደ ደግሜ ጎረስኩ። ሱፍ ፍትፍቱ ቀዝቀዝ፣ ለስለስ ብሎ እሳቱን አጠፋልኝ። በዚያች ወንበር ላይ ምንም አላፈርኩም፤ ትሪውን በጣቴ ጠረግኩት። አጠገቤ የነበሩት ሁለት ግንበኞች መብላታቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር።

በማግስቱም ሄድኩ። በማግስቱም። ችግሩ አንዴ «ሥጋ ቀረብኝ» ብዬ ማዘኔ ነው። ቤት ውስጥ ያዝኑልኛል፤ አብዲ ፊቴ ሥጋ ላለመብላት ውጭ ይበላል፣ ሆዮ ስታየኝ ትተነፍሳለች። እኔ ደግሞ ሆዴ በሽሮ ተወጥሮ የተጎዳ ፊት አሳያለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ልብስ ልለካ ነው» ብዬ፣ ሻሼን አስተካክዬ፣ እያንጎራጎርኩ እወጣለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ምን ትባላለች? አብዲም ጠረጠረ። አንድ ቀን ሚኒባሱን ሼክ ኑር ዳር አቁሞ ዘው ብሎ ገባ።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

አፌ ሙሉ ነው። «ጎመን እየበላሁ።»

ግራና ቀኝ አየ። ከሉባባና ከድስቶቿ በቀር ማንም የለም። ትሪውን አየ። ተቀመጠ። አንዴ ጎረሰ፣ ሁለቴ ጎረሰ።

«ሆዮ እንዳትሰማ» አለኝ።

ወራት አለፉ። ኪኒኔን ሳላቋርጥ ወሰድኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ምስርና ጎመኔን በላሁ። እብጠቱ ጎደለ፤ ጣቴ የሰው ጣት መሰለ። አንድ ጠዋት ጫማዬን አውልቄ መርገጫው ላይ እግሬን አሳረፍኩና ረገጥኩ። መኪናው ዞረ። አንድ ሙሉ ጠርዝ ሳላቆም ሰፋሁ፤ ድምፁን የሰማችው ሆዮ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«አላህ ሰማኝ! ስለቴ ደረሰ!»

«የምን ስለት ሆዮ?»

«ታመሽ ስታለቅሺ ተሳልኩ። ይህች ልጅ መኪናዋን ከረገጠች በግ አርጄ ለሚስኪን አበላለሁ ብዬ። ጉበቱን ደግሞ አንቺ ከእጄ ትበያለሽ። በመረቄ ነው የዳንሽው!»

ሐኪሙ ሲሻለኝ አልፎ አልፎ ትንሽ ሥጋ እንደማይከለክለኝ ነግሮኛል፤ ጉበትና ኩላሊት ግን በፍጹም። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የስለት ጉበት ከእጇ አልበላም ብላት ሴትየዋን ገደልኳት። ከበላሁ ደግሞ ጣቴን አውቀዋለሁ፣ ይቅርታ አያውቅም። አብዲን ለመንኩት፤ «ዛሬ እነግራታለሁ» እያለ በጉ ግቢያችን ገብቶ ታሰረ።

በዕለቱ ሉባባን ጠራኋት። ከጎን ይቀርባል ብለን ኩሽና ውስጥ አንድ ትልቅ ድስት ምስር፣ አንድ ድስት ሽሮና ጎመን ሠራን። ሆዮ አለፍ ስትል ክዳኑን ከፍታ «ለፍየሎቹ ነው?» ብላ ሄደች። በጉ ታረደ፣ ተጠበሰ፣ ተቀቀለ። ግቢው በጥብሱ ሽታ ሰከረ። አብዲ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፣ ሆዱ ውስጥ ቦታ እያዘጋጀ ነው። ሆዮ ጉበቱን በትንሽ ሳህን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

ዱዓ ሊያደርጉ የተጠሩት የሰፈራችን ሼክ እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት «ኸድራ፣ ይህ ሰደቃ ነው ወይስ ስለት?» አሏት።

«ስለት!» አለች በኩራት።

«ስትሳዪ ምን አልሽ?»

«አርጄ ለሚስኪን አበላለሁ አልኩ።»

«ማሻአላህ። እንግዲያ ስለት ነውና በጉ የሚስኪኖቹ ነው። ከዚህ ቤት ማንም አይቀምሰውም።»

አብዲ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ጉበቱንስ?» አለች ሆዮ። «ጉበቱን እንኳ ለልጄ?»

«ጉበቱም የበጉ ነው» አሉ ሼኩ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ሥጋው በትሪ በትሪ ሆኖ በአብዲ ሚኒባስ ተጭኖ ሼክ ኑር ላሉት ከድርቅ ተሰደው ለመጡት ቤተሰቦች ሄደ። አብዲ ያን ሁሉ ሽታ ከኋላው ጭኖ መንዳቱን እንደ ጅሃድ ነው የሚያወራው። ሲመለስ ሁላችንም እንደ ሐዘንተኛ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠናል። ሉባባ ድስቶቿን አመጣች።

ሆዮ ትሪውን አየችው። ከዚያ እንጀራ ቆረሰች፣ በምስሩ ጠቀለለች፣ እጇን ወደ አፌ ዘረጋች።

«ከእጄ ትበያለሽ ብያለሁ። ያለው ይኸው ነው።»

ጎረስኩ። ጣቷ ላይ የቀረውን ላሰችው። ራሷ አንድ ጎረሰች፣ ከዚያ እንደኔው የእንጀራውን ሥር ገልጣ አየች።

«የለም ሆዮ» አልኳት።

«አውቀሽዋል። ሰንብተሽበታል አንቺ።» ዓይኗን አጠበበች። «መረቄንስ? ማን ነበር የሚጠጣው?»

ሁላችንም የአብዲን ሆድ አየን፤ እሱም አየው።

ከአብዲ ቀድሜ ተናገርኩ። «ሆዮ፣ ሐኪሙ መረቁ ነው የሚያሳምምሽ ብሎኝ ነው። ከእጅሽ ስለመጣ ግን እምቢ ማለት አቃተኝ። ታዝኛለሽ ብዬ...»

«አዝናለሁ ብለሽ?» አለች። እጇን ጉልበቷ ላይ መታች። «እኔ አንቺ ታዝኛለሽ ብዬ አይደል እንዴ! በዚህ ጉልበት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሥጋ ተራ፣ ከዚያ ጋኔን ከሚመስል አራጅ ጋር ስጨቃጨቅ! ብተወው ይቺ እናት የሌላት ልጅ ተረሳሁ ትላለች ብዬ! ያረቢ! ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ወጠጤ ላደልብ ኖሯል?»

አብዲ በሳቅ ወደቀ፣ ሉባባ በሻሿ አፏን ያዘች፣ እኔ ማልቀሴም መሳቄም አልታወቀኝ። ሆዮ ግን አልሳቀችም። ሽሮውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ጎመኑን በእንጀራ እየጠረገች፣ ወደ ሉባባ ዞረች።

«ይህን ጎመን ለመግዛት ማለዳ መነሳት ያስፈልጋል?»

«ኧረ ከሰዓትም ይገኛል ሆዮ።»

አላመጠች፣ ዋጠች።

«እንግዲያ ጥሩ ምግብ ነው» አለች።